መጥረቢያህን ይዘህ ና

ሰው ሲያረጅ እፍረት ይለቀዋል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እኔን ጠይቁኝ። ሰሞኑን ዲላ ከተማ ውስጥ ዋናውን መንገድ ትቼ በጓሮ በጓሮ የምሄደው ለጤናዬ አይምሰላችሁ። አስፋልቱ ላይ ብቅ ያልኩ እንደሆነ የሚያውቀኝ ሁሉ፣ ባጃጅ የሚነዳው ሳይቀር፣ «የምህረት አባት፣ መጥረቢያው ደህና ነው?» ይለኛል። የሰው ጤና ቀርቶ የመጥረቢያ ጤና ይጠየቅ ጀመር። እንግዲህ ከሌላ ሰው ጨውና በርበሬ ተጨምሮበት ከምትሰሙት፣ ከባለቤቱ ስሙት ብዬ ነው።

ምህረት ልጄ ናት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ብዙ ጊዜ አስረድታኛለች። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ራስ መነቅነቅ ካወቁበት ትልቅ ትምህርት ነው፤ እኔን እስከዛሬ ያደረሰኝ እሱ ነው። ታዲያ ዘንድሮ ልትዳር ሆነና የሰርጉ ጥሪ ነገር ተነሣ።

ዱሮ ሰርግ የሚጠራው ሰው ነበር። አንድ እግረ ቀጭን ይመረጥና ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ ቤት ለቤት ይዞራል፤ የተጠራውም ያልተጠራውም ይመጣል። አሁን በስልክ ሆኗል። ምህረት ለሁሉም የሚላክ አንድ አጭር መልእክት አሰናድታ አነበበችልኝ። «በሰርጋችን ቀን እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» አለቀ።

«ይኼ ምንድነው?» አልኳት።

«ጥሪ ነዋ፣ አባዬ።»

«ለሽማግሌውም ለጎረምሳውም አንድ ቃል? ሽማግሌ የሚጠራው ለምርቃት ነው። ጎረምሳ የሚጠራው ለሥራ ነው። እንጨቱን ማን ሊፈልጥ ነው? በአክብሮት የጠራሽው ጎረምሳ በአክብሮት ቁጭ ብሎ ይበላልሻል!»

ሳቀች። «እሺ፣ ሽማግሌው ማነው? ጎረምሳውስ ማነው?»

አፌን መዝጋት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። አልዘጋሁም። «ምን ችግር አለው? ከእኔ የሚበልጥ ይመርቃል፤ ከእኔ የሚያንስ ይፈልጣል» አልኳት። ቃሉንም ራሴ አጻፍኳት። ለታላላቆች «ወንበርዎ ከፊት ነው፤ ልጃችንን ይመርቁልን»፤ ለታናናሾች ደግሞ «ማልደህ ና፤ መጥረቢያህን ይዘህ ና፤ እንጨት ፍለጣ አለ»።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በእኛ በጌዴኦ ሶንጎ የሚባል አለ፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። እዚያ የማንም መቀመጫ ላይ ስም አልተጻፈም። ትመጣለህ፣ የመጣውን ሰው ታያለህ፣ ማን ይበልጠኛል፣ ማንስ ያንሰኛል ብለህ በልብህ ታሰላለህ፣ ከዚያ ቦታህን ታገኛለህ። ዛሬ ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነገ አንድ ትልቅ ሰው ከመጣ አራተኛ ነው። የሚነግርህ የለም። የተሳሳትክ እንደሆነ ግን የሚያዩህ ብዙ ናቸው።

ይህን ስነግራት የምህረት ዓይን በራ። «አባዬ፣ ይኼ እኮ የእኔ ሥራ ነው!» ብላ ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። እያንዳንዱ ተጋባዥ በቅንፍ ታጥሯል፤ እንደ ጓሮ። በአጥሩ ውስጥ ስሙ አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ ስልኩ አለ፣ የተወለደበት ዓመት አለ፣ ሃይማኖቱ አለ። መጨረሻ ላይ «መልእክት» በሚለው ቦታ ግን መልእክት የለም። ሌላ ትንሽ ቅንፍ አለ፤ በውስጡ ጥያቄ።

«ይኼ ቃል አይደለም፣ አባዬ። ገና ያልተሠራ ሂሳብ ነው» አለችኝ። «‹ይህ ሰው በዕድሜ ከአባዬ ይበልጣል ወይ? ከበለጠ ይመርቅ፤ ካልበለጠ ይፍለጥ› ይላል። አንዲት ትንሽ ላይብረሪ አለች። እሷ በየቅንፉ ትገባና ጥያቄ ያገኘች እንደሆነ ታሰላለች፤ በጥያቄው ቦታም መልሱን ትተካለች። ጥያቄ ያልሆነውን አትነካም።»

ላይብረሪ ትባል እንጂ መጽሐፍ የላትም። ሌላ ሰው ሠርቶ ለፈለገ ሁሉ የለቀቃት ትንሽዬ የፕሮግራም ዕቃ ናት አለች። ራሴን ነቀነቅኩ። በዚህኛው ጊዜ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ገብቶኝ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ የገባች ሶንጎ ናት በቃ። ልጄ የአባቶቼን ነገር በማሽን ስትሠራው አይቼ ደረቴ ተነፋ። ትዕቢት ውድቀትን ትቀድማለች ሲባል ቤተ ክርስቲያን እሰማለሁ፤ ቤት ስደርስ ግን ይረሳኛል።

«እንግዲህ ወንዱ ሁሉ የሚለካው በአንተ ነው» አለች ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ። «የተወለድከው መቼ ነው?»

የዓመቱን ነገር ላውጋችሁ። መታወቂያ ስናወጣ ቀበሌ ተሰልፈን ነበር። ከፊቴ የቆመው ሸምሱ ነው፤ ግድግዳ ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ፣ ባለሱቅ። እኔና ሸምሱ «እኔ እበልጥ፣ እኔ እበልጥ» ስንባባል ነው ያረጀነው። ጸሐፊዋ ጠየቀችው፤ ተናገረ። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ታዲያ ከሱ እንዴት ልነስ? ጨመር አደረግኩ። ለመተማመኛ ደግሞ ሌላ ጨመር። በእኛ ዘመን የልደት ቀኑን የሚያውቅ ማን አለ? «ቡናው በጣም የያዘ ዓመት» ነው የሚባለው፤ ቡናው ደግሞ በየሁለት ዓመቱ በጣም ይይዛል። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ጻፈችው።

እርጅናን የሚሸሹ ሰዎች አሉ፤ ፀጉራቸውን የሚቀቡ። እኔ እየሮጥኩ ሄጄ ተቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ በእድራችን ስብሰባ መታወቂያዬን ከደረት ኪሴ ብቅ አድርጌ ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሸምሱ ከኋላዬ ሆኖ ጥርሱን ያፋጫል። ውሸት ማኅተም ካረፈበት በኋላ የዋሸውን ሰው ራሱን ያሳምነዋል፤ በኋላ በኋላማ ጉልበቴን ሳይቀር ያመኝ ጀመር።

መታወቂያውን አውጥቼ ለምህረት ሰጠኋት። «የተጻፈውን ጻፊ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መንግሥት የጻፈውን ልትጠረጥሪ ነው?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ!» አለች። ሁለት ፊደል ናት፤ ግን የረጅም ዘመን ትዳር አለባት። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ከመላኩ በፊት ምህረት «አባዬ፣ መልሱ ወጥቷል። ማን ምን እንደደረሰው አንዴ እየውና ልላከው» ብላ ኮምፒውተሩን ፊቴ አስቀመጠች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያውም ዝናብ የጣለ ቀን ብቻ። ፀሐይ ከወጣ ቡና ለቀማ ነበር። አንድ ስም አንብቤ እስክጨርስ ሰርጉ ያልፋል። መነጽሬም አጠገቤ አልነበረም። «አንቺው አንብቢልኝ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ገና አሁን ሶንጎን ያስተማርኩ ሊቅ ሰውዬ እንዴት ብዬ? ጣቴን ከላይ እስከ ታች አወረድኩ። መሐል ላይ ቆም ብዬ «እህ» አልኩ። ከዚያ «ጥሩ ነው፤ ይሂድ» አልኩ።

ሄደ።

ሻዬን ሳልጨርስ ሸምሱ ገባ። ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጋው።

«የምህረት አባት፣ እስቲ ይኼን አንብብልኝ።»

«አንተው አንብበው።»

«አንብቤዋለሁ! ‹ለሙስሊም እንግዶቻችን በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻ ተሰናድቷል› ይላል። አላህ ይስጥህ። ቀጥሎ ‹መጥረቢያህን ይዘህ ና› ይላል። አንተ ሰው፣ በሬውን በመጥረቢያ ልታሳርደኝ ነው?»

የሥጋውም ነገር ሂሳብ ነበረበት፤ ትክክል ወጣ። የመጥረቢያውም ትክክል ወጣ፤ እኔ በሰጠሁት ቁጥር። ማሽን እንደ ሕፃን ናት፤ የነገሯትን ታምናለች፣ ከዚያ ሰው ፊት ትናገረዋለች። ሸምሱ ደግሞ ወገቡን የሚያመው፣ ስኳር ለመስፈር እንኳ ጎንበስ የማይል ሰው ነው።

«የማሽን ስህተት ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኬ አላረፈም። የእድራችን አዛውንቶች፣ የሠፈሩ ሽማግሌዎች፣ በከዘራ የሚሄዱት ሳይቀሩ እንጨት ፍለጣ ታዘዋል። የሚመርቅ አንድ ወንድ አልተገኘም። ከወንዱ ሁሉ በላይ ሆኜ ዛፍ ላይ እንደወጣ ሰው ብቻዬን ቀርቻለሁ። የሴቶቹ መልእክት ግን አንድም አልተዛነፈም፤ እነሱ የተለኩት በባለቤቴ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ እውነቷን ነበር የተናገረችው። ይህን ያስታወሰችኝ እሷው ናት። ደጋግማ።

ለደወለው ሁሉ «የማሽን ስህተት ነው፤ የልጆች ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ይታመናል?» አልኩ። ከሁሉ የባሱት አቶ መኮንን ናቸው፤ የሙሽራው አባት። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰው ባህል እንዳይነኩ ቃል የሚመርጡ ሰው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደወሉ።

«የምህረት አባት፣ እንደምን አሉ? መልእክቱ ደርሶናል። እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል ነው… በጌዴኦ ባህል እንጨቱን የሚፈልጠው የወንዱ አባት ነው?»

አያችሁ፣ እግዜር በር ከፍቶልኝ ነበር። «የለም፣ ስህተት ነው፣ ይቅርታ» ማለት ብቻ ነበር። አዲስ ዘመድ ፊት ስህተት ማለት ከበደኝ።

«አዎ፣ ባህል ነው» አልኩ።

«ድንቅ ነው! ይህን ያህል ዘመን እዚህ ስኖር አለመስማቴ ገርሞኝ ነው። መጥረቢያውስ የራሴ መሆን አለበት ወይስ የውሰትም ይሆናል?»

«የውሰትም ይሆናል።» ምን ልበል? ውሸት ከጀመሩት ዝርዝሩንም መጨረስ ነው።

ስልኩን ስዘጋ ምህረት ከኋላዬ ቆማለች።

«አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ሥራዬ ተሳስቷል እያልክ ነው።»

«አንቺን አላልኩም። ማሽኑን ነው ያልኩት።»

«ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሂሳቡ ትክክል ነው፤ የገባው ቁጥር ነው ልክ ያልሆነው። አንድ ቁጥር ብቻ ናት። እውነተኛውን ዓመት ንገረኝና ልቀይራት። የሁሉም ሰው ሂሳብ እንደገና ይሠራል፤ የታረመው መልእክት ይሄዳል።»

አንዲት ቁጥር። ከአፌ የምትወጣ። ግን አስቡት፤ ሸምሱ ሲሰማ! የእድሩ ፊተኛ ወንበር! «መታወቂያው ላይ ያለችው ናት» አልኩ። ምህረት ኮምፒውተሯን ከደነች። ያን ጊዜ ባለቤቴ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ወጣች።

«ለበራሶስ ምን ደርሶት ይሆን?» አለች።

ቁጭ አልኩ።

በራሶ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ባንኮ ጎቲቲ በሚባል ገጠር ቡናውንና እንሰቱን ይዞ የሚኖር። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ሱሪ መታጠቅ የማላውቅ ሕፃን ነበርኩ። ራሱ ልጅ ሆኖ ሳለ ያሳደገኝ እሱ ነው። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ወደ ትዳሯ የምትሄደው የቤተሰቡ ታላቅ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሲመርቃት ነው። የዘመዶቻችንን ሴቶች ልጆች ሁሉ የሸኘች የበራሶ እጅ ናት። ምህረትም ከልጅነቷ «እኔን የሚመርቀኝ አጎቴ ነው» እያለች ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ በመታወቂያዬ ተነሥቼ የገዛ ታላቄን ታናሼ አድርጌዋለሁ።

«አጎቴ ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች ምህረት። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ከወደዚያ በሚኒባስ የመጣ አንድ የመንደሩ ሰው አገኘሁና እንደ ቀላል ነገር «በራሶ ደህና ነው?» አልኩት። ሰውየው ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። በራሶ ማንበብ አይችልም። መልእክቱ የገባው ቀይ ቡናውን ይዞ ማጠቢያ ጣቢያው ተሰልፎ ሳለ ነው አለኝ፤ ከሰልፈኛው አንዱ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበለት።

«ምን አለ?» አልኩ።

«ምንም። ‹ድገመው› አለ። ተደገመለት። ከዚያ ቤቱ ገብቶ መጥረቢያውን መሳል ጀመረ። እኔ ስመጣም ይስል ነበር።»

ወዲያው ተሳፍሬ ሄጄ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ድንኳን አለብኝ፣ በሬ አለብኝ፣ ወንበር አለብኝ አልኩ። ፈሪ ሰው ሥራ አያጣም።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ በሩን ስከፍት ያየሁትን ለጠላቴ አልመኝም። የሠፈሩ አዛውንት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ መጥረቢያ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆሟል። ግማሹ ሊያሾፍብኝ የመጣ ነው፤ ግማሹ የምር ተቀይሟል። ሸምሱ ከሱቁ አዲስ መጥረቢያ አንሥቶ መጥቷል፤ ወረቀቱ እንኳ አልተላጠለትም። «ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ የሚሸጥ ነው» ይላል። አቶ መኮንን ከወገናቸው ቀድመው መጥተዋል። የነጭ ሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው፣ የጎረቤት መጥረቢያ ይዘው፣ እንደ ተማሪ ፊቴ ቆሙ።

«የቱን ግንድ ልጀምር?» አሉኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ ሻይ ይቅደም» እያልኩ ሁሉንም ወደ ድንኳኑ ስገፋ በራሶ መጣ። መጥረቢያውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አጋድሟል። ማንንም ሰላም አላለም። በቀጥታ ወደ ግንዱ ሄደ፣ ኮባውን ፈታ፣ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፣ ጀመረ። ጧ! ጧ! ሳቁ ሁሉ ቆመ።

ሮጥኩ። «ጋሼ፣ ተው! ስለ እግዚአብሔር ብለህ ተው!» መጥረቢያውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ» አለኝ። እኔን! «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ እንጂ። ታናሽ እያለ ታላቅ አይለፋም።»

መሬት አልተሰነጠቀችልኝም እንጂ እገባ ነበር። አጠገባችን ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል። አቶ መኮንንም ነገሩ ባህል አለመሆኑ ያኔ ገባቸው መሰለኝ፤ መጥረቢያቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። በራሶ ዝም ብሎ ፈለጠ። እኔ ብለምነውም አይሰማም። ውሃ እንኳ የተቀበለው ከባለቤቴ እጅ ነው።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ምህረት ነጭ ልብሷን ለብሳ ወጥታ ድንኳኑ መሐል ተንበረከከች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ «የቤተሰቡ ታላቅ ይቅረብ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ በራሶ ዞረ። በራሶ መጥረቢያውን ተደግፎ እንደቆመ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ታላቃችን እሳቸው ናቸው። መንግሥት ጽፎላቸዋል።»

ሄድኩ። ወዴት ልሽሽ? እጄን አነሣሁ። የልጄ ራስ ከመዳፌ ሥር ነው፤ መዳፌ ግን አልወርድ አለ። ምህረት ቀና ብላ አየችኝ። የተኳለው ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«አባዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «አንድ ቁጥር እኮ ናት።»

እጄን መልሼ ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ማሽኑ አልተሳሳተም» አልኩ። «ልጄም አልተሳሳተችም። መታወቂያዬ ላይ ዕድሜ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እናንተን ሁሉ ታናሼ ያደረገቻችሁ የእኔ ውሸት ናት።»

«ስንት ጨመርክ?» አለ ሸምሱ። ይህችን ዕድል እንደማያሳልፋት አውቄያለሁ።

«አሥር።»

«አሥር! ከእኔ ታንሳለህ ማለት ነው?»

«አንሳለሁ።»

«ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«አንሳለሁ!»

«ከእኔስ?» አሉ አንድ የእድራችን አዛውንት። «ከእርስዎም።» «ከእኔስ?» አለ ሌላው። «ካንተም።» በየወንበሩ ተጠየቅኩ፤ በየወንበሩ መለስኩ። ያቺ ትንሽ ላይብረሪ ዓይን ሳይከደን የጨረሰችውን ሂሳብ እኔ በላብ፣ አንድ በአንድ፣ በአፌ ሠራሁት። አቶ መኮንን መምህር ናቸውና እጃቸውን አውጥተው ጠበቁኝ። «ከእርስዎም አንሳለሁ» አልኳቸው። «የእንጨቱም ባህል የለም። ይቅር ይበሉኝ።»

በራሶ ብቻ አልጠየቀኝም። እኔው ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ስወለድ አዋላጇን ልትጠራ የሮጥከው አንተ ነህ» አልኩት።

«በዝናብ» አለ።

«በዝናብ።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ መጥረቢያውን አስያዘኝና መዳፉን በሱሪው ጠራርጎ ወደ ምህረት ሄደ። እጁን ራሷ ላይ ጫነ። «ውለጂ፣ ክበጂ። የገባሽበት ቤት ይሙላልሽ። ከባልሽ ጋር አርጁ፤ ስታረጁም እውነተኛውን እርጅና ይስጣችሁ» አለ። ግማሹ ሰው «አሜን» አለ፤ ግማሹ ሳቀ። የእንጨቱ ሙጫ ከእጁ ወደ ነጩ ዓይነ ርግቧ ተላልፎ ቀረ። ሚዜዋ ልትጠርገው ስትል ምህረት እጇን ያዘቻት።

ሽማግሌዎቹ በዕድሜያቸው ተሰደሩ። እኔ የምቀመጥበትን ብፈልግ ፊተኛው መስመር ሞልቷል፣ ሁለተኛውም ሞልቷል። ውጭ ደግሞ ያልተፈለጠ ግንድ አለ፤ እጄም ላይ መጥረቢያ አለ። ኮቴን አውልቄ በራሶ ኮቱን ከሰቀለበት አጠገብ ሰቀልኩ። ክራቫቴን ወደ ትከሻዬ ወረወርኩ። በገዛ ልጄ ሰርግ፣ እንግዳ እያየኝ፣ ፎቶ አንሺው ሳይቀር ሙሽሮቹን ትቶ ወደ እኔ ዞሮ፣ ፈለጥኩ። የመጀመሪያው ምት ሳተ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛው ላይ ግንዱ ለሁለት ተከፈለ።

በራሶ ከመጀመሪያው ወንበር ሆኖ ሲያየኝ ቆየና፣ ውሃ ላቀረበለት ሕፃን እንደሚባለው፣ ረጋ ብሎ «እደግ» አለኝ።

ድንኳኑ ሙሉ «አሜን» አለ። እኔም ጎንበስ እንዳልኩ አሜን አልኩ።